አልጋ ላይ የቀሩ ምእመናንን ማን ይጠይቃቸው? ለአዲስ አበባ አድባራት ሰበካ ጉባኤያት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለአዲስ አበባ አድባራትና ገዳማት አስተዳዳሪዎች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎችና ለየሰንበቴው ሙሴዎች፤

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የሰበካ ጉባኤ መዋጮ ከፋይ፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አባልም ነኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ ሳላዞር ልናገር። በአጥቢያችን ታመው፣ አርጅተው ወይም ተክዘው ከቤት መውጣት ያቃታቸው ምእመናን እነማን እንደ ሆኑ፣ የት እንደሚኖሩ፣ የነፍስ አባታቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ፣ ባለፈው ወር ማን እንደ ጠየቃቸው የሚያውቅ ክፍል በደብራችን ጽሕፈት ቤት የለም። በሌሎች አድባራት ያሉ ወዳጆቼ የነገሩኝም ከዚህ ብዙ አይለይም። ይህ ጉዳይ በየደብሩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ ተይዞ እንዲወሰንበት እጠይቃለሁ።

መዝገብማ አለን። ልጅ ክርስትና ሲነሣ ይጻፋል፤ ሙሽሮች ሲጋቡ ይፈረማል። ሰው ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡ እንባውን ሳይጠርግ የሰበካ ጉባኤ ካርድ ፍለጋ መሳቢያ ያገላብጣል። የዓመቱ መዋጮ መከፈሉ ይታያል፤ የነፍስ አባቱ ማን እንደ ሆኑ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ፍትሐቱና ስለ መቃብሩ ቦታ ንግግር የሚጀመረው። ሥርዓቱን አልነቅፍም፤ ቤተ ክርስቲያን ልጇን በስም አውቃ መሸኘቷ ተገቢ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ ዓመታት አልጋ ላይ የከረመች ሴት ስሟ በቢሮ የሚነሣው አስከሬኗ ሲመጣ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት መዋጮዋ ተቋርጦ ነበር። መቋረጡን ያየ ሰው ግን «ምነው ቀረች?» አላለም፤ «ውዝፍ» ብሎ ጻፈ።

በጤና ጣቢያ ስንሠራ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ መድኃኒት የሚወስድበት ቀን ካለፈ ስሙን ከመዝገብ አውጥተን ቤቱ ድረስ ሰው እንልክ ነበር። የቀረው ስለ ሰነፈ ነው ብለን አንነሣም፤ ምን አግኝቶት ይሆን ብለን እንጂ። ለቤተ ክርስቲያንም ውዝፍ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ ያልከፈሉትን ስም ዝርዝር አውጥቶ በየቤታቸው የሚያንኳኳ ሰው ቢኖር፣ ግማሹ የዘነጋ፣ ሌላው ሰፈር የለቀቀ፣ የቀረው ደግሞ የታመመ ወይም የተቸገረ ሆኖ ይገኝ ነበር።

የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 6 ብንከፍት የዲያቆናት ሹመት የሚጀምረው ከአቤቱታ ነው። በየዕለቱ በሚታደለው ማዕድ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይዘለሉ ነበርና ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ማጉረምረሙን እንደ ድፍረት አልቆጠሩትም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሥራውን ሰጧቸው። ዛሬ ሊቀ ዲያቆናት ብለን ታቦት አውጥተን የምናነግሠው ቅዱስ እስጢፋኖስ መጀመሪያ የተመረጠው የተዘለሉትን ሴቶች ማዕድ እንዲያዳርስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ ምዕራፍ 5 ላይ፣ በመዝገብ የምትጻፍ መበለት ከ60 ዓመት እንዳታንስ እስከ መወሰን ደርሷል። መዝገብ ነበራቸው ማለት ነው፤ ያውም ለሕያዋን። የሐዋርያት ትምህርት የምንለው ዲድስቅልያም ቢሆን ኤጲስ ቆጶሱን ስለ መበለቶችና ስለ እጓለ ማውታ ሳያሳስብ አይውልም።

ሰበካ ጉባኤም ሲቋቋም ለገንዘብ ብቻ ተብሎ አልነበረም። የሰበካ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. ሲታወጅ ካህናትና ምእመናን አንድ ላይ ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲመሩ፣ ምእመናን እንዲማሩና እንዲጠበቁ፣ ቤተ ክርስቲያንም ራሷን እንድትችል ታስቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ደርግ በመጀመሪያ የገጠሩን መሬት፣ ቀጥሎ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበት ርስትና ኪራይ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጇ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ካህኑን ያኖረው የምእመኑ መዋጮ ነው። ያኔ ሰበካ ጉባኤ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ደብር ቀዳሽ ያጣ ነበር! ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ያ ክፉ ዘመን አንድ ልማድ ትቶብን ሄዷል ብዬ አምናለሁ፤ ሰበካ ጉባኤ ሲባል ገቢና ወጪ ብቻ ወደ አእምሯችን ይመጣል። በዓመታዊው ሪፖርት የሙዳየ ምጽዋቱ፣ የስእለቱ፣ የሱቁ ኪራይ፣ የሕንፃው ወጪ በሳንቲም ሳይቀር ይነበባል። ስንት ሕሙማን ተጠየቁ የሚል መስመር ግን ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። ለሕንፃ ማሠሪያ ስናሰባስብ የማናንኳኳው በር እንደሌለም ሁላችንም እናውቃለን።

በነፍስ አባት ጉዳይ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነውና። በካዛንቺስ፣ በዶሮ ማነቂያ ወይም በሰንጋ ተራ ያደገ ሰው የድሮውን ያውቃል። ቄሱ የሚኖሩት እዚያው መንደር ነው። ሲወጡም ሲገቡም መስቀል ያሳልማሉ። የታመመ ካለ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብለው ዳዊት ይደግማሉ፤ ጠበል ይረጫሉ፤ ቡና ከተፈላም ይቀመጣሉ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ከሽማግሌ በፊት የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ማን መጠጥ እንዳበዛ፣ የማን ልጅ ከቤት እንደ ጠፋ፣ ማን ከወንድሙ ጋር በውርስ እንደ ተካሰሰ ጠይቀው አይደለም የሚያውቁት። ለዚህ ሁሉ ቀጠሮም ሆነ መዝገብ አላስፈለገም ነበር፤ መዝገቡ በራሳቸው ልብ ነበርና። ለካ ያ ሥርዓት የቆመው በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ነበር።

ያ ቅርበት ዛሬ የለም። መጀመሪያ ኮንዶሚኒየሙ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩን በትኖታል። ስለ ልማቱ ደግነትና ክፋት ለመከራከር አይደለም የምጽፈው፤ ያ የሌላ ደብዳቤ ጉዳይ ነው። ከካዛንቺስ የተነሣው ገላን ጉራ ገብቷል፤ ቀደም ብሎ ዕጣ የወጣለት የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ነው። የነፍስ አባቱ ግን በድሮው ደብር ቀርተዋል። ጉልበት ያለው ታክሲ ቀያይሮ ይመጣል። አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ግን ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃውን አንድ ጊዜ ከወጡ የሚወርዱት ለሆስፒታል ነው። የድሮው ደብር ሰፈር ለቀዋል ይላል። የአዲሱ ሰፈር ደብር ደግሞ ከነመፈጠራቸውም አያውቅም፤ ካርዳቸው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በሁለት ደብር መካከል ወድቀው ቀሩ ማለት ይህ ነው።

ስልክ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። «አባቴ ይፍቱኝ» «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተባብሎ መዝጋትም ከምንም ይሻላል። ነገር ግን በስልክ የሚሰማ ካህን ክፍሉ መሽተቱን፣ የውኃ ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን፣ ሴትዮዋ ሲናገሩ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው አያይም። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው የሚሉት። የእኛ ሰው ሌላ መልስ የለውም።

አንድ ሌላ ነገር ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እገምታለሁ። እኛ ሕንፃ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት የነፍስ አባታቸው ወደ ውጭ አገር ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል። ሌላ ካህን ለምን አይዙም ስላቸው ደነገጡብኝ። «ሳይሰናበቱኝ? ሳይፈቅዱልኝ?» አሉ። ሥርዓቱን ጠብቀው ነው፤ ሰው የነፍስ አባቱን ያለ ፈቃድ እንደማይቀይር ተምረው ነው ያደጉት። ካህኑ ግን ሲሄዱ ለንስሐ ልጆቻቸው አልነገሩም፤ ያስረከቡትም ሰው የለም። ሴትዮዋ ንስሐ የሚገቡበት አጥተው በሥርዓት ታማኝነታቸው ታስረዋል። ካህን ሲሞት፣ ሲዛወር፣ ሲሄድ የጽሕፈት ቤቱን ማኅተምና ንዋያተ ቅድሳቱን በቆጠራ እናስረክባለን፤ የንስሐ ልጆቹን ግን የሚረከብ የለም።

ካህናቱን መውቀስ ይቀናናል፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ስመ ጥር የሆኑ ካህን ያለባቸውን የንስሐ ልጅ ብዛት አስቡ። ማኅሌቱ፣ ሰዓታቱ፣ ኪዳኑ፣ ቅዳሴው፣ ፍትሐቱ አለ። ደሞዛቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮዬ ፈጬ ደርሶ መመለስ የቀን እንጀራቸውን ይበላል። ይህን የሚያውቅ ምእመን አባ ሲመጡ ለመጓጓዣ ብሎ እጃቸው ላይ ያኖራል። መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን መዘዙን በሕሙማን አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ። ድሃው «እጄ ላይ ምንም ሳይኖር እንዴት አባን ልጥራ?» ብሎ ሳይጠራ ይቀራል። ባለጠጋው ቤት ሲሄዱ የታዩ ካህን ደግሞ ለኤንቨሎፕ ሄዱ ይባላሉ። ሁለቱንም የሚገላግለው ደብሩ የመጓጓዣውን ወጪ ከራሱ ካዝና ቢከፍልና «የሕሙማን ጥየቃ» ብሎ በበጀት ቢይዘው ነው። ያኔ ካህኑም ሳይሳቀቁ ይሄዳሉ፤ ድሃውም ሳያፍር ይጠራል።

ካህኑስ ሲታመሙ? ሚስታቸው የሞተችባቸው ቄስ ክህነታቸውን ይዘው ሌላ ማግባት አይችሉም። ልጆች ካልቀረቧቸው እርጅናቸውን ብቻቸውን ይገፉታል። ድምፃቸው የዛለ መሪጌታ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ የቅኔ መምህር በየደብሩ ጓሮ አሉ። ትናንት መንፈቀ ሌሊት ተነሥተው የታመመ የጠየቁ ሰዎች ናቸው። የሚጠየቁ ሕሙማን ዝርዝር ሲዘጋጅ ከእነሱ ይጀመር።

ወደ ማኅበሩና ወደ ሰንበቴው ልምጣ። በእኛ ጽዋ ማኅበር አባል ታሞ ከቀረ ድርሻው ይላክለታል፤ ዳቦውንም ጠላውንም ይዞ የሚሄድ ሰው ይመደባል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ሰው አድኗል፤ ይዞ የሄደው ሰው ያየውን ይዞ ይመለሳልና። የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴ «እገሌ እንዴት ናት?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አለ። ማኅበሩ ግን አንድ ቀዳዳ አለበት። ኑሮ ሲከብድ ተራዋ የደረሰ ሴት የምትደግስበት ታጣለች። ችግሯን አትናገርም። አንድ ወር ራስ ምታት፣ በሚቀጥለው እንግዳ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትጠፋለች። ማኅበር በጣም በሚያስፈልጋት ወቅት ነው ከማኅበር የምትወጣው። የአንዳንዱ ማኅበር ድግስ ደግሞ የሰርግ ያህል ሆኗል፤ ጠጅ፣ ክትፎ፣ ሙዚቃው ብቻ የቀረ። የነፍስ አባቶች ይህን በግልጽ ቢገሥጹና ዳቦና ቆሎ ይበቃል ብለው ቢወስኑ፣ በድህነት የምትቀር እኅት በየማኅበሩ አትኖርም ነበር። እኛ ሞክረነዋል፤ የቀሩ ተመልሰዋል። አንዳንድ ባለጸጎች ቅር ብሏቸዋል፤ ይሁን።

እድርስ? እድር ክብር ይግባውና ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያመጣል፣ ቀብሩን ያስፈጽማል። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን አንዳንድ እድሮች ለታመሙትና ወላጅ ላጡ ልጆች መድረስ ጀምረው ነበርና መለወጥ እንደሚችልም አይተናል። ባብዛኛው ግን ዛሬም የሚመጣው ከሞት በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ለእድር አልደረሰውም።

ነርስ ሆኜ ጥቂት ልበል። ጥየቃ ስል ሦስት ሰው ገብቶ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ» ብሎ ሻይ ጠጥቶ መውጣቱን አይደለም። ጠያቂው የሚያይ ዓይን ይኑረው። መድኃኒቱ አልቋል ወይስ አለ? የስኳር ታማሚዋ ቁርስ በልታለች ወይ? እግሯን ጫማ አውልቆ ያየው አለ? አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጀርባውና ዳሌው ላይ ቆዳው ቀልቶ እንደሆነ ማን አገላብጦ አየው? የአልጋ ቁስል በየሁለት ሰዓቱ ገላን በማዞር የሚቀር ነገር ነው፤ ከተከፈተ ግን ሰው ይገድላል። አስታማሚዋስ ለመጨረሻ ጊዜ የተኛችው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ከታማሚዋ ይልቅ አስታማሚዋ ናት የምትወድቀው። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ በሽተኛዋ ጋ ብትቀመጥና አስታማሚዋ ሦስት ሰዓት እንቅልፍ ብታገኝ፣ ከብዙ ብር ይበልጣል። ይህን ማሠልጠን ከባድ አይደለም። በየደብሩ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ፤ በቅዳሴ ቆመው ታዩአቸዋላችሁ፤ ማንም ግን በሙያቸው አገልግሉን ብሎ አይጠይቃቸውም። መዘምር ከሆኑ ይፈለጋሉ፣ ገንዘብ ካላቸው ይፈለጋሉ።

ጠበልና መድኃኒትም አይጣሉ። የታመመ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ጠበል እንዲሄድ የሚመክር ጠያቂ ከሚጎበኝ ባይጎበኝ ይሻላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ያ ትምህርት የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ ሙያው ላይ የነበርን እናውቃለን። ለአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። ከዓረብ አገር ተሰቃይታ የተመለሰች፣ ቀን ቀን ጋቢ ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትውል ልጅ የነፍስ አባትም ያስፈልጋታል፣ አማኑኤል ሆስፒታልም ያስፈልጋታል። አንዱ የሌላው ጠላት አይደለም። የነፍስ አባቷ «ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እኔም እጸልያለሁ» ካሏት ትሄዳለች፤ እኛ ነርሶች ብንነግራት ግን አትሰማንም።

ስለ ምሥጢረ ቀንዲልም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ለሕሙማን የተሠራ ነው፤ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ብሎ ያዛል። ከእኛ ስንቱ ነው ሲፈጸም ያየው? በትምህርት ስንቆጥራቸው ሰባት፣ በተግባር ስንፈልጋቸው ስድስት ሆነው እናገኛቸዋለን።

ስለ ሕሙማን ጥየቃ ይህን ሁሉ የምለው ሌሎች ሲያደርጉት ስላየሁም ነው። ሊቀየመኝ የሚፈልግ ይቀየመኝ፤ መሠረተ ክርስቶስ የምትባለውን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ደርግ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋ ምእመናኗ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው ተሰበሰቡ። ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ታሰረ፣ የማን ቤት ጤፍ እንዳለቀ ያውቁ ነበር። ቤተ ጸሎታቸው ሲከፈት በቁጥር በብዙ እጥፍ በዝተው ወጡ። ትምህርታቸውን አልቀበልም። ነገር ግን ከእኛ ወደ እነሱ የሄዱ ሰዎችን «ምን አጥተሽ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ስለ ትምህርት የመለሱልኝ ጥቂት ናቸው። «ስታመም መጡ» ነው የሚሉኝ። እኛ ሰንበቴም፣ ጽዋም፣ የነፍስ አባትም ያለን ሰዎች ይህን መስማት ሊያሳፍረን ይገባል።

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከጎዳና ያነሣቸውን ሰዎች በአድናቆት እናወራለን፤ ለበዓልም በሬ ይዘን ሄደን ፎቶ እንነሣለን። እሰየው። እዚያ የሚያስፈልገው ልግስና ነው፤ ከደጃፋችን ያሉት የሚያስፈልጋቸው ግን ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። ቤት አላቸው፣ አልጋ አላቸው፤ የጎደላቸው ደጃፋቸውን የሚያንኳኳ ሰው ነው።

እንግዲህ በዝርዝር የምለምነው ይህን ነው። እያንዳንዱ ደብር አጥቢያውን በቀጠና ይክፈልና ለየቀጠናው አንድ ካህን፣ አንድ የሰንበቴ ወይም የማኅበር አባልና ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይመድብ። በአንድ ደብተር ላይ ከቤት የማይወጡትን ስም፣ የቤት ቁጥር፣ አብሯቸው የሚኖር ሰው፣ የነፍስ አባታቸው ማን እንደ ሆኑና የመጨረሻው ጥየቃ ቀን ብቻ ይጻፍ። ከዚህ በላይ አይጻፍ። በኑዛዜ የተነገረ ነገር፣ የበሽታ ስም፣ የቤተሰብ ገመና በዚህ ደብተር አይግባ፤ ጠያቂውም ያየውን ከካህኑና ከሙሴው ውጭ እንዳያወራ ቃል ይግባ። ይህ ካልተጠበቀ ሥራው ወደ ሐሜት ይለወጣል፤ ሰውም በሩን ይዘጋል። ሴትን ሴት ትጠይቅ፤ ወጣቶችም ብቻቸውን ወደ ማንም ቤት አይሂዱ፤ ሁለት ሁለት ይሁኑ።

ካህን ሲሞት እስከ አርባው ድረስ፣ ሲዛወር ወይም ከአገር ሲወጣ ደግሞ ከመሄዱ በፊት የንስሐ ልጆቹ ስም ዝርዝር ለአስተዳዳሪው ይድረስ፤ በስም ለሌላ ካህን ይሰጡ፤ ስንብቱም በጽሕፈት ቤቱ በኩል ይነገራቸው። ከዚህ በፊት የሄዱትና የሞቱት ካህናት የንስሐ ልጆችም በዐውደ ምሕረት ተጠርተው ይመዝገቡ። ሰፈር ለለቀቁት ደግሞ የድሮው ደብር ለአዲሱ ደብር ደብዳቤ ይጻፍ፤ ምእመኑ ራሱ ተሸክሞት እስኪሄድ አይጠበቅ። ሀገረ ስብከቱ አንድ ቅጽ ቢያወጣ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይም ከገቢና ወጪው ቀጥሎ ይህ ይነበብ፤ በየቀጠናው ስንት ሰው ከቤት አይወጣም፣ ስንቱ ተጠየቀ፣ የነፍስ አባት አጥቶ ከነበረው ስንቱ አገኘ። ቁጥጥሩ ሙዳየ ምጽዋቱን እንደሚመረምር ይህንንም ይመርምር።

ውጭ አገር ያሉ ልጆችም አሉ። ከዋሽንግተን፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ በየሳምንቱ የሚደውሉ፣ ገንዘብ የሚልኩ፣ ነገር ግን እናታቸው በስልክ «ደኅና ነኝ» ስትል ደኅና መሆኗን የሚያረጋግጥላቸው የሌላቸው። ለእነሱ በየደብሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ስልክ ይኑር፤ «እናቴን እዩልኝ» ሲሉ መልእክቱን ተቀብሎ ለቀጠናው ካህን የሚያደርስ ሰውም ይመደብ። ልጆቹ ስእለት ሲልኩ የሚቀበል ሰው አለን፤ ለዚህም አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ጽፌ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። የእኛ ሰንበቴ ተነጋግሮ የአንድ ቀጠና ቤቶችን ለመያዝ ተስማምቷል፤ ከመካከላችን ሁለት ነርሶችና አንድ ፋርማሲስት አለን፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆችም ፈቃደኞች ናቸው። የጎደለን የሚመደብልን ካህንና የደብሩ ፈቃድ ነው። ለአስተዳዳሪያችን በቃል አቅርበናል፤ በጽሑፍ አምጡ ተብለናል፤ ይኸው በጽሑፍ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት መልሱን ብናገኝ የጾሙን ቅዳሜዎች ለዚህ አድርገን እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አባል
አዲስ አበባ